ሳይመለስ የቀረው ዕጣ

«ከገና ዛፉ ሥር ስጦታውን ያላስቀመጠ ማነው?»

አክስት ዴልማ ወረቀትና እርሳስ ይዛ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። «ሦስቴ ቆጠርኩ፤ አባዬ ጓሮ ያስቀመጠውን ጨምሬ አሥር ነው። አሥራ አንድ መሆን ነበረበት።»

ታይናራ ቀና አላለችም። ከፊቷ አንድ ትልቅ ድስት ሩዝ ተቀምጧል። ከሩዙ ውስጥ ዘቢቡን አንድ በአንድ እየለቀመች ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ትጥላለች። በዚህ ቤት ለገና ሁለት ድስት ሩዝ ይሠራል፤ አንዱ ዘቢብ ያለው፣ አንዱ የሌለው። ዘንድሮ ዴልማ ተጣድፋ ዘቢቡን ሁለቱም ላይ ስትደፋው ግማሹ ቤተሰብ «እኛ ጣፋጭ ሩዝ አንበላም» ብሎ አመፀ። የቤቱ እመቤት እማማ ዙልሚራ ግራ ቀኝ ተመለከቱና «አንቺ ጣትሽ ቀጭን ነው፤ ነይ ልቀሚ» ብለው ሥራውን ለታይናራ ሰጧት። ታይናራ አሥራ አራት ዓመት ስትኖር ጣቷ ለዚህ ይጠቅማል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

«የኔ ነው የቀረው» አለች። «ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ አሁን አመጣዋለሁ።»

«ጎሽ። የምንጫወተው ነገ ከምሳ በኋላ ነው፤ እንዳትረሺ።» ዴልማ በመስኮቱ በኩል አባቷ ወደሚሠሩበት የጓሮ ክፍል አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በዚህ ቤት የሚረሳ አንድ ሰው ይበቃናል።»

ታይናራ እጇን ታጥባ ስጦታውን አመጣች። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጫፉ ደግሞ ቆልመም ብሏል። በወርቃማ ወረቀት አሳምራ ጠቅልላዋለች፤ ግን የቆለመመ ነገር ቢጠቀልሉትም መቆልመሙን አይተውም። ሳሎን ውስጥ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠው አጎት ኒቫልዶ ገና ከሩቅ ሲያየው ሳቀ።

«ይሄማ ጃንጥላ ነው!»

«አይደለም» አለች ታይናራ።

«እሺ፣ አይደለም። የሽማግሌ ከዘራ ነው። ማን ይሆን ዕድለኛው?»

ማን እንደሆነ ታይናራ ታውቃለች። ዕድለኛዋ ራሷ ናት።

ነገሩ የተጀመረው ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። እናቷ ሮዚልዳ ከአዴሚር ጋር አብራ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ እናትና ልጅ ወደ አዴሚር ወላጆች፣ ወደ እማማ ዙልሚራና አባባ ቤላርሚኖ ቤት ሲሄዱ ግን ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ከሚኖሩበት የብራዚል ከተማ ከቤሎ ሆሪዞንቴ በመኪና የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። እናቷ በመንገዱ ሁሉ የከንፈር ቀለሟን አራት ጊዜ ቀባች፣ አራት ጊዜ ጠረገች። ሊደርሱ ሲሉ ወደ ኋላ ዞረችና «አደራሽን ታይናራ» አለቻት፤ «እንዳታሳፍሪኝ።»

ያን ቀን ምሳ ከመቅረቡ በፊት ለገና የምስጢር ጓደኛ ዕጣ ወጣ። በየዓመቱ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የሁሉም ስም በብጫቂ ወረቀት ይጻፍና በአባባ ቤላርሚኖ የሣር ባርኔጣ ውስጥ ይገባል፤ ሁሉም አንዳንድ ያወጣል፤ ለደረሰው ሰው ስጦታ ያዘጋጃል። ስጦታውስ ቀላል ነው። ከባዱ፣ በገና ቀን ሁሉም ፊት ቆሞ ስሙን ሳይጠሩ ስለዚያ ሰው መናገር ነው። ምን ይወዳል? በምን ይናደዳል? ምን ዓይነት ሰው ነው? ሌሎቹ አውቀውት ስሙን እስኪጮኹ ድረስ መናገር ግድ ነው። ከሁሉም መካከል የራሱን ስም ያወጣ ሰው ከተገኘ ደግሞ ወረቀቱ በሙሉ ወደ ባርኔጣው ይመለስና እንደገና ይወጣል።

በመጀመሪያው ዙር ኒቫልዶ የራሱን ስም አወጣ። ተሳቀበትና ሁሉም መለሱ። በሁለተኛው ዙር ታይናራ አጠገብ የተቀመጠችው የአዴሚር እህት የዴልማ ልጅ ዦርዳና ወረቀቷን ገልጣ ፊቷን አጨማደደች፤ ወደ እናቷም ጆሮ ተጠጋች። ዦርዳና ስታንሾካሹክ ምስጢር የሚመስለው ለራሷ ብቻ ነው እንጂ ግቢው ሁሉ ይሰማል።

«ማሚ፣ ያቺ ልጅ ናት የደረሰችኝ! ስለሷ ምን ብዬ ነው የማወራው?»

«ዝም በይ!» አለች ዴልማ።

ወዲያው የኒቫልዶ ሚስት «እኔም የራሴ ደረሰኝ» ብላ እጇን ስታነሣ፣ ዦርዳና «ተመስገን!» ብላ ወረቀቷን ከሁሉም ቀድማ ባርኔጣው ውስጥ ወረወረችው።

ዦርዳና ክፉ ሆና አልነበረም፤ እውነቷን ነበር። በዚህ ቤት ስለ ታይናራ የሚታወቅ ነገር ቢኖር የሮዚልዳ ልጅ መሆኗ ብቻ ነው። ታይናራ በገና ቀን የሚሆነውን ከወዲሁ አየችው፤ አንድ ሰው ስጦታ ይዞ ይቆማል፣ ራሱን ያካል፣ «የኔ ጓደኛ እ... እ...» ይላል፣ ሰዉም ዓይኑን ወደ ሳህኑ ይመልሳል።

በሦስተኛው ዙር ወረቀቷን ስትገልጥ «ታይናራ» ይላል፤ በእማማ ዙልሚራ የተንጋደደ ጽሕፈት።

«አሁንስ የራሱ የደረሰው አለ?» ብላ ጠየቀች ዴልማ። ጥብሱ ወጥቷል፣ ሁሉም ርቦታል፣ ኒቫልዶ «በናታችሁ ይብቃ፣ ልንበላ ነው» እያለ ሹካውን አንሥቷል።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ታይናራ አፏን ዘጋች፤ ወረቀቷንም አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። ስሟ ለማንም ካልደረሰ ስለሷ የሚለው አጥቶ የሚንተባተብ አይኖርም፤ ያኔ የታያት ይህ ብቻ ነበር። የጨዋታው መጨረሻ ምን እንደሚሆን የታሰባት ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ አሰበችበት። ያገኘችው መፍትሔም አንድ ጃንጥላ ገዝቶ መጠቅለልና ተአምር መጠበቅ ሆነ።

ዘቢቡ ተለቅሞ ሲያልቅ ጎድጓዳው ሳህን ሞልቶ ነበር። እማማ ዙልሚራ አዩትና «ለሽማግሌው ውሰጂለት፤ ዘቢብ ሲያይ ሕፃን ይሆናል» አሏት።

አባባ ቤላርሚኖ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኮርቻ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ኮርቻ የሚያሠራ ሰው እየጠፋ ነው፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ከጓሮው ክፍላቸው አይቀሩም። ቁልፉ በጠፍር ታስሮ ወገባቸው ላይ ይንጠለጠላል። ግድግዳው ላይ ቢላው፣ ወስፌውና መዶሻው በየመጠኑ ተሰቅሏል። በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ደግሞ ያ የሣር ባርኔጣ አለ። ታይናራ እንዳላየችው ሆና አለፈችው።

«አባባ፣ ዘቢብ አመጣሁልዎ።»

«ከሩዙ የተባረረው ነው?» አሉና አንድ እፍኝ ዘገኑ። «ግቢና በሩን ዝጊው። ምስጢር ትጠብቂያለሽ?»

ታይናራ በሩን ዘጋች። «እጠብቃለሁ።»

ከመሳቢያ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቀበቶ ነው። ቡናማ ቆዳ፣ ዳር ዳሩን በነጭ ክር የተሰፋ፣ አንዲት ስፌት እንኳ ከመስመሯ ያልወጣች።

«የአዴሚር ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ዕጣዬ እሱ ነው። ባለፈው ስትመጡ ቀበቶውን መታጠቢያ ቤት ትቶት ሲወጣ በሲባጎ ለካሁት። አምስት ቀዳዳ ነበረው። እናትሽ ባለሙያ መሆኗን ስሰማ ግን ሁለት ጨመርኩለት፤ ሆዱ የት እንደሚደርስ አይታወቅም።»

ታይናራ ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ከልቧ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ወረቀቷን ግን ጣልኳት» አሉ ሽማግሌው፣ የሸሚዛቸውን ኪስ ዳበስ እያደረጉ። «ከልብስ ጋር ታጥባ መሰለኝ። ለዴልማ እንዳትነግሪብኝ። ነሐሴ ላይ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ የቤቴ መንገድ ጠፋኝ። ሃምሳ ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ! ከዚያ ወዲህ ልጆቼ እንደ እንቁላል ነው የሚጠብቁኝ።» አንድ ዘቢብ አፋቸው ውስጥ ጣሉ። «እረሳለሁ፣ አልዋሽሽም። ይቺን ግን እንዳልረሳ ብዬ በየጠዋቱ ጢሜን ስላጭ ‹አዴሚር› እላለሁ። አሁንማ መስተዋቱ ራሱ ሳይሸመድደው አልቀረም።»

ታይናራ ከዚያ ስትመለስ ዴልማና አዴሚር በረንዳው ላይ ቆመው ያወራሉ። ወሬ ማድመጥ አልፈለገችም፤ ግን ሌላ መግቢያ አልነበረም።

«ቢላ ነው ያለው እዚያ ውስጥ፣ አዴሚር። ወስፌ ነው ያለው» ትላለች ዴልማ። «ባለፈው ሳምንት ድስት እሳት ላይ ጥዶ ረስቶት ሄደ።»

«ሥራውን ከቀማነው ምን ይቀረዋል?»

«እኔ መቀማት ፈልጌ ነው? የኔስ አባት አይደለም እንዴ?» የዴልማ ድምፅ ተሰበረ። «እናንተ ሩቅ ናችሁ፤ በየሳምንቱ ስጋት ይዤ የምመላለሰው እኔ ነኝ። ይህን በዓል ልየው። አንድ ነገር ካምታታ ግን ቁልፉን እወስዳለሁ። በቃኝ።»

ታይናራም ሳህኑን ይዛ በጎናቸው አለፈች።

በዚያ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ የተጠበሰው የቱርክ ዶሮ ተቆረጠ፤ ሁለቱ ድስት ሩዝ ጎን ለጎን ቀረበ፤ ዘቢብ የሌለበት ቶሎ አለቀ። በማግስቱም የተረፈው ሁሉ ሞቅ ሞቅ ተደርጎ ከማንጎው ዛፍ ሥር በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ለምሳ ተደረደረ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሙቀቱ አፍኗል። ከምሳ በኋላ ዴልማ ዝርዝሯን ይዛ ብድግ ስትል ሁሉም አጨበጨበ።

መጀመሪያ የሚናገረው የቤቱ ታላቅ ልጅ ነው፤ ስለዚህ አዴሚር ቆመ።

«የኔ የምስጢር ጓደኛ» አለ፣ «ሹካውን ከጸሎት በፊት የሚያነሣ ነው።»

«ኒቫልዶ!» ሁሉም ባንድ አፍ ጮኸ። ኒቫልዶ የደረቱን ፍርፋሪ አራግፎ ስጦታውን ተቀበለና በተራው ስለ ራሱ ጓደኛ መናገር ጀመረ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ተራው ዦርዳና ጋ ደረሰ።

«የኔ ጓደኛ» አለች ዦርዳና፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ እየመለሰች፣ «ቀልዱ ሳያልቅ ቀድማ የምትስቅ ናት። አጎቴ ኒቫልዶ አፉን ሲከፍት ገና ትስቃለች፣ አፉን የከፈተው ሊያዛጋ ቢሆንስ! ደግሞ ትናንት ሰሃን አጥባለሁ ብላ ከአያቴ ከዙልሚራ ጋር ስፖንጅ ተጓተተች። አሸነፈቻት። በዚህ ቤት ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።»

«ሮዚልዳ!»

ሮዚልዳ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች፤ የተሰጣትን ባለ አበባ ሽርጥም እዚያው ታጠቀችው። ታይናራ እናቷን አይታ ደስ አላት፤ ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ወጋት። ዦርዳና ሮዚልዳን ያወቀቻት ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ከፈለጉ የሚናገሩት አይጠፋም ነበር ማለት ነው።

ሮዚልዳ ስለ አባባ ቤላርሚኖ ተናግራ ነጠላ ጫማ ሰጠቻቸው። እሳቸውም በጨርቅ የጠቀለሉትን ይዘው ተነሡ።

«የኔ ጓደኛ» አሉ፣ «በሰባት ዓመቱ ኮርቻ እሠራለሁ ብሎ የእናቱን አዲስ ቦርሳ በቢላዬ የተለተለ ነው።»

«አዴሚር!»

«ያ ቦርሳ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል!» አሉ እማማ ዙልሚራ።

አዴሚር ቀበቶውን ታጠቀ፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ልክ ሆነ። አባቱን አቅፎ ጭንቅላታቸውን ሳመ። ከአዴሚር የተጀመረው ጨዋታ አዴሚር ላይ ስለተመለሰ ሁሉም ያለቀ መስሎት አጨበጨበ።

«ቆይ ቆይ» አለ ኒቫልዶ። «ጃንጥላውስ?»

ከገና ዛፉ ሥር የመጡት ስጦታዎች ካረፉበት አግዳሚ ላይ ያ ቆልማማ ወርቃማ ጥቅል ብቻውን ተጋድሟል። ዴልማ ዝርዝሯን ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ወረደችበት።

«ታይናራ፣ አንቺ አልሰጠሽም። አልተቀበልሽምም። ታይናራ የደረሰችው ማነው?»

ታይናራ «ጉዴ ፈላ» አለች በሆዷ።

«ሁላችሁም የናንተን ሰጥታችኋል» አለች ዴልማ ለራሷ እንደምታወራ፤ «የቀረችው ታይናራ ናት፤ እንግዲህ አንድ ሰው የሷን ስጦታ ለሌላ ሰው ሰጥቷል ማለት ነው።» እርሳሱ ቆመ። ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ አባቷ ዞረ። «አባዬ፣ ወረቀትህ የታለ? እስቲ አሳየኝ።»

አባባ ቤላርሚኖ እጃቸውን ወደ ሸሚዛቸው ኪስ ሰደዱ። እጃቸው እዚያው ቀረ።

«ጣልኳት» አሉ። «አዴሚር ግን ነበር።»

«ያንተ ታይናራ ነበረች፣ አባዬ። አዴሚር የታይናራ ነበር፤ ጃንጥላው የሱ ነው። አንተ አምታተኸው ነው።» ዴልማ ይህን ስትል እየተቆጣች አልነበረም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ምንም አይደለም። ይሆናል።»

«አዴሚር ነበር» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወደ እማማ ዙልሚራ፣ ከዚያ ወደ ቀበቶው አዩ። «አዴሚር ይመስለኛል።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንጃ።»

እጃቸው ከኪሳቸው ወጥቶ ወገባቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ያዘ።

«ታይናራ ቅር አይላትም፣ አባባ» አለች ሮዚልዳ ቶሎ ብላ። «አይደል ታይናራ?»

ዴልማም ጃንጥላውን አንሥታ ለታይናራ አቀበለቻት። «በይ ለአዴሚር ስጪውና ይለቅ።»

መንገዱ ተጠርጎ ተሰጣት ማለት ነው። «አዎ፣ የኔ ዕጣ አዴሚር ነበር» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። እናቷ አታፍርም። ዦርዳና አትስቅም። አምስት ሳምንት የጠበቀችው ተአምር እጇ ላይ መጥቶ ተቀምጧል። ማንም መቼም አያውቅም፤ ከእሷና በየጠዋቱ «አዴሚር» ሲባል ከሰማው መስተዋት በቀር። ሽማግሌውም ቢሆኑ ከነገ ጀምሮ አያውቁም፤ ራሳቸውን ማመን ትተዋልና።

ታይናራ ተነሣች።

«የኔ የምስጢር ጓደኛ» አለች።

«መገመት እንኳን አያስፈልግም፣ አዴሚር!» አለ ኒቫልዶ።

«አይደለም።» ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «የኔ የምስጢር ጓደኛ... ዕጣ በወጣ ቀን የራሷ ስም ደርሷት ዝም ያለች ናት። ‹የራሱ የደረሰው አለ ወይ› ሲባል ሰምታ ዝም ያለች። ጃንጥላውንም የገዛችው ለራሷ ነው።»

ስሙን የጠራችው ዦርዳና ነበረች፤ እንደ ጥያቄ አድርጋ።

«ታይናራ?»

ታይናራ ከኪሷ በአራት የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። እማማ ዙልሚራ ከዓይናቸው አርቀው አዩት። «የኔ ጽሕፈት ነው» አሉ።

«ታይናራ!» አለች እናቷ። ፊቷ እስከ አንገቷ ቀልቷል። ታይናራ ወደዚያ ማየት አልቻለችም፤ ወደ ሽማግሌው አየች።

«ታዲያ የኔ...?» አሉ አባባ ቤላርሚኖ።

«የእርስዎ አዴሚር ነበር። አላምታቱም። ትናንት ነግረውኛል፤ ሲባጎውንም፣ ሁለቱን ቀዳዳም ነግረውኛል። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ሽማግሌው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ሲመቱት ብርጭቆዎቹ ዘለሉ።

«አዴሚር ነበር!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማሽ ዴልማ? ሌላ ሌላውን እረሳለሁ። ይቺን ግን አልረሳሁም!»

ዴልማ ዝርዝሯን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና አባቷን ከኋላቸው አቅፋ አገጯን ጭንቅላታቸው ላይ አስደገፈች። ስለ ቁልፉም ያን ቀን ማንም አላነሣም።

ቀጥሎ የተናገሩት እማማ ዙልሚራ ናቸው። «ዕጣ የደበቀ ሰሃኑን ሁሉ ያጥባል። ሕጉ ነው።»

«እንዲህ ያለ ሕግ ነበረን?» አለ ኒቫልዶ።

«ከዛሬ ጀምሮ።»

የሰሃኑ ብዛት ለሠርግ የሚበቃ ነበር። ሮዚልዳ ልጇን ተከትላ ወጥ ቤት ገባች፤ በአዲሱ ሽርጧ ጫፍ እጇን እየጠራረገች ከጎኗ ቆመች።

«ለምን?» አለች ቀስ ብላ።

«የሚደርሰኝ ሰው ስለኔ የሚለው ያጣል ብዬ።»

እናቷ ብዙ የምትለው የነበራት ትመስል ነበር። ግን ግንባሯን ሳመቻትና «ማታ እናወራለን» ብላ ወጣች። ማታ ቁጣ እንዳለ ታይናራ ታውቃለች፤ ቢሆንም ደረቷ ላይ አምስት ሳምንት የተቀመጠው ነገር ተነሥቶላታል።

ዦርዳና የሰሃን ማድረቂያ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ያን ቀን ሰምተሽኝ ነበር እንዴ?»

«ግቢው ሁሉ ነው የሰማሽ።»

የዦርዳና ጆሮ ቀላ። አንድ ሰሃን አንሥታ ማድረቅ ጀመረች። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ አታወሪም እኮ! ደባሪ ነገር መስለሽኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ውሸታም ነሽ።» ዦርዳና ሰሃኑን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው። «ግን አያቴ እንዲያ ሲሆን ማየት ያቃተሽ ውሸታም። ደግሞ ለራስሽ ስጦታ ግዢ ስትባይ የምትገዢው ጃንጥላ ነው። እንዴት ያለሽ ፋራ ነሽ በናትሽ? ይኸው፣ ሦስት ነገር አወቅኩ።»

ታይናራ ሳቀች፤ የእጇን አረፋም ወደ ዦርዳና ፊት ረጨችው።

ግማሹ ሰሃን ሲታጠብ ያ ቀኑን ሙሉ ያንዣበበ ዝናብ ወረደ። ከማንጎው ሥር ያሉት ወንበርና ጠረጴዛ ተሸክመው ወደ በረንዳ ሲሯሯጡ፣ ታይናራ የቀረው ወረቀት ትዝ አላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጥጉ ረጥቧል እንጂ ስሙ አልጠፋም። በአራት አጠፈችው። የጃንጥላውን ወርቃማ ወረቀት ቀድዳ ጣለችና ጃንጥላውን ዘረጋችው፤ ቢጫ ነው። ጓሮውን አቋርጣ ሄደች።

አባባ ቤላርሚኖ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው የቢላዎቻቸውን ስለት በጨርቅ ይወለውላሉ። ታይናራ ከምስማሩ ላይ የሣር ባርኔጣውን አወረደች፤ ወረቀቷን ውስጡ ካለው ጠርዝ ሥር ወሸቀቻትና ባርኔጣውን መልሳ ሰቀለችው።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ለሚመጣው ዓመት ነው?»

«አዎ።»

«አንድ ዓመት እኮ ብዙ ነው። እኔ እረሳዋለሁ።»

«እኔ አስታውስዎታለሁ» አለች ታይናራ፤ ጃንጥላዋንም ይዛ ወደ ቀሩት ሰሃኖች ተመለሰች።